ልጄ የግል ትምህርት ቤት ነው የሚማረው፤ ማነው የሚመዝንልኝ?

የቢኒ እናት
ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ረጅም ነው፣ ታገሱኝ።

ልጄ 8 ዓመቱ ነው፣ ሁለተኛ ክፍል። የምንኖረው ዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ) አካባቢ ነው። የሚማረው የካቶሊክ ትምህርት ቤት ነው። እኛ ኦርቶዶክስ ነን፤ ግን ሥርዓት አለው፣ ለሥራዬም መንገድ ላይ ነው ብለን አስገባነው። ክፍያው ወገባችንን አጉብጦታል፣ እሱን ተዉት።

ቢኒ አፉ ጮሌ ነው። ታሪክ ሲያወራ አትጠግቡትም። መጽሐፍ ሲሰጡት ግን ሌላ ልጅ ይሆናል። ሆዴን አመመኝ ይላል። ሽንቴ መጣ ይላል። ትናንት ያነበባትን ቃል ዛሬ አያውቃትም። ባለፈው ሳምንት መምህሯ ጠራችኝና "እኛ ጋ የመማር ችግሩን የሚመዝን ሰው የለም፣ በመንግሥት በኩል ነጻ ምዘና ይጠይቁ" አለችኝ።

እሺ ብዬ የምንኖርበት ካውንቲ ደወልኩ። "ልጁ እኛ ጋ አይማርም፣ ትምህርት ቤቱ ያለበትን ዲስትሪክት ይጠይቁ" አሉኝ። ዲስትሪክት የሚሉት የአካባቢውን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድረውን ቢሮ ነው። የልጄ ትምህርት ቤት ግን ድንበር ማዶ ነው። እዚያ ደወልኩ። "የኛ ነዋሪ አይደሉም" አሉኝ። ሁለት ቀን የምሳ ሰዓቴን ስልክ ላይ ጨረስኩት።

ባለቤቴ ደግሞ ይህን ከሰማ ጀምሮ ፊቱን አጥቁሮብኛል። "ልጄ ላይ ስም አታስለጥፊበት" ነው የሚለው።

ማነው የሚመዝነው? ያስከፍላሉ? ከተመዘነስ በኋላ ከትምህርት ቤቱ አውጪው ይሉኛል?


ጋሽ ፈለቀ
ሰኞ ማታ

ልጄ፣ አትደንግጪ። እኔ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቼ ከ"ሀ" እስከ "ፐ" ለመድረስ ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል። የመሪጌታው አርጩሜ እስካሁን ይታወሰኛል። በኋላ ግን ተምሬ መሐንዲስ ሆኛለሁ። ወንድ ልጅ ይዘገያል። አሜሪካኖች ለሁሉም ነገር ስም አላቸው። በኛ ጊዜ "ዘገየ" ይባል ነበር፣ በቃ።


ዳዊት ኤን
ማክሰኞ

እህቴ ጊዜሽን አታባክኚ። ልጅሽን የግል ትምህርት ቤት ያስገባሽ ዕለት ከመንግሥት ጋር ተፋታሽ ማለት ነው። ምንም መብት የለሽም። እኛ ሴት ልጃችንን የግል ሳይኮሎጂስት ጋ ወሰድናት። 2,800 ዶላር። ኢንሹራንሱ ሰባራ ሳንቲም አልከፈለም። ሪፖርቱ 19 ገጽ ነው፣ ግማሹ አልገባኝም። ግን ቢያንስ አለቀልን።


ሰላማዊት (የትምህርት ቤት ሳይኮሎጂስት)
ማክሰኞ ማታ

የቢኒ እናት፣ መጀመሪያ አንድ ነገር። ስልኩን ተዪው። ጻፊ። በስልክ የተባለ ነገር አልተባለም።

ዳዊት፣ ያልከውን ብዙ ሰው ስለሚያምነው ላስተካክለው። መመዘን ሌላ፣ አገልግሎት ማግኘት ሌላ ነው። የግል ትምህርት ቤት ልጅ የአገልግሎት መብቱ ጠባብ ነው፤ እዚያ ላይ ግማሽ እውነት አለህ። መመዘን ግን ሙሉ መብቱ ነው። ነጻም ነው።

ሕጉ አይዲያ ይባላል፤ የልዩ ትምህርት የፌዴራል ሕግ ነው። መነሻው በፈረንጅ አቆጣጠር 1975 ነው፣ ይህን ስም ያገኘው በ1990 ነው። ውስጡ "ቻይልድ ፋይንድ" የሚሉት ግዴታ አለ። በኛ "ልጅ ፍለጋ" ብንለው ያስኬዳል። ዲስትሪክቱ ወላጅ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ እገዛ ሊያስፈልጋቸው ይችላል ተብለው የሚጠረጠሩ ልጆችን ራሱ ፈልጎ ማግኘት አለበት። የግል ትምህርት ቤቶችም የሃይማኖት ትምህርት ቤቶችም አሉበት።

ማነው ወደሚለው ልምጣ። ይህ በ2004 ሕጉ ሲሻሻል ተቆርጧል። የፍለጋውና የምዘናው ኃላፊነት ትምህርት ቤቱ ያለበት ዲስትሪክት ነው። ልጁ ከሌላ ስቴት የሚመላለስ ቢሆንም ያው ነው። ስለዚህ "የኛ ነዋሪ አይደሉም" ያለሽ ሰው ተሳስቷል። ስልክ የሚያነሳ ሠራተኛ ይሆናል፣ አልፈርድበትም። ይህን የልዩ ትምህርት ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው ያውቀዋል።

የቤትሽ ካውንቲ ሥራው ሌላ ነው። "ልጄን ወደ እናንተ ባዛውረው ምን ትሰጡታላችሁ?" ስትዪ የሚመልስልሽ እሱ ነው። ሁለቱ ወረቀት የሚለዋወጡት ግን አንቺ ስትፈቅጂ ብቻ ነው።

ኢሜይሉን አጭር አድርጊው። የልጁ ስም፣ የልደት ቀን፣ የትምህርት ቤቱ ስምና አድራሻ። ከዚያ "ልጄ በመማር ላይ እክል አለበት ብዬ እጠረጥራለሁ፤ በአይዲያ መሠረት ሙሉ ምዘና እንዲደረግለት በጽሑፍ እጠይቃለሁ" በዪ። "እጠረጥራለሁ" የምትለዋን ቃል አትርሺ። "ልጄ ንባብ ይከብደዋል" ብቻ ካልሽ ቱተር ፈልጊ ይሉሻል። ሦስት ምሳሌ ጨምሪ። የሆድ ሕመሙን ጻፊው። ትናንት ያነበበው ዛሬ መጥፋቱንም ጻፊው። መጨረሻ ላይ ደግሞ "ካልተስማማችሁ ምክንያታችሁን በጽሑፍ ስጡኝ" በዪ። እምቢ ማለት ይችላሉ፤ በቃል ግን አይችሉም።

ቀኑን በተመለከተ የፌዴራሉ ሕግ ወላጅ ከፈረመ በኋላ 60 ቀን ይላል፤ ስቴቶች የራሳቸውን ማውጣት ይችላሉ። ዲሲ ከፊርማ በኋላ 60 ቀን ነው። ሜሪላንድ ከፊርማ 60፣ ጥያቄው በጽሑፍ ከደረሰ ደግሞ 90፤ ሁለቱንም ማሟላት አለባቸው። ቨርጂኒያ ጥያቄው ለልዩ ትምህርት ኃላፊው ከደረሰበት ጀምሮ 65 የሥራ ቀን ነው። ኢሜይል የምለው ለዚህ ነው። ቀን የሌለው ነገር አይቆጠርም።

ዳዊት፣ ሪፖርትህን እንዳትጥለው። ዲስትሪክቱ ሊያየው ግዴታ አለበት። ሊቀበለው ግን አይገደድም።


ዳዊት ኤን
ማክሰኞ ማታ

ሚስቴ ይህን እንዳታነብ ብቻ። 2,800 ዶላር!


ሲያትሏ
ረቡዕ

ሰላማዊት እውነቷን ነው። ዋሽንግተን ስቴት የኛ ቀን እንዲህ ነው፦ ጥያቄሽ ከደረሳቸው በኋላ እንመዝን አንመዝን የሚለውን በ25 የትምህርት ቀን ይወስናሉ። ከፈረምሽ በኋላ 35 የትምህርት ቀን አላቸው። የትምህርት ቀን ነው እንግዲህ። ክረምት አይቆጠርም። እኔ ግንቦት ላይ ጠይቄ መልሱ ትምህርት ተከፍቶ መጣ። በመስከረም ጠይቁ።

ግን እኔ ልጽፍ የመጣሁት ስለ አስተርጓሚው ነው።

እንግሊዝኛ አላጣም። ስብሰባው ላይ ግን አንድም ቃል እንዳያመልጠኝ "አማርኛ አስተርጓሚ ይምጣልኝ" አልኩ። አመጡልኝ። ሳይኮሎጂስቷ ስለ ልጄ ንባብ ሦስት ደቂቃ ያህል አወራች። ሰውዬው ወደኔ ዞሮ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ልጅሽ የአእምሮ ዝግመት አለበት ነው የሚሉት።"

እናቴ አጠገቤ ተቀምጣለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እኔ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። በኋላ ራሴ በእንግሊዝኛ "ይህን ነው ያልሽው?" ብዬ ጠየቅኳት። ሴትዮዋ ከወንበሯ ልትነሳ ምንም አልቀራት። ያለችው ልጁ ጎበዝ ነው፣ ፊደልና ድምፅ ማገናኘት ነው የከበደው ነው። እናቴ ግን እስከ ዛሬ ለልጁ ሱባኤ ትይዛለች። የመጀመሪያዋ ቃል ነች የቀረችው።


ሰላማዊት (የትምህርት ቤት ሳይኮሎጂስት)
ረቡዕ

ይህን ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ መሰለሽ። አስተርጓሚው ክፉ ሰው አይደለም፣ ቃሉ የለውም። የፍርድ ቤትና የሆስፒታል ቃል ያውቃል። የኛን አያውቅም።

ሕጉ ላይ 13 የእክል ዓይነቶች አሉ። የመማር እክል አንዱ ነው። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ሌላ ነው። የንግግርና የቋንቋ እክል ሌላ፣ ኦቲዝም ሌላ። ዲስሌክሲያ ብዙውን ጊዜ የመማር እክል ውስጥ ነው የሚገባው። አእምሮው ዘገየ ማለት አይደለም። እንዲያውም ማሰቡ ደህና ሆኖ ንባቡ ብቻ ወደ ኋላ ሲቀር ነው የምንጠረጥረው።

እኔ ዲስሌክሲያን "የማንበብ እክል" ነው የምለው። የቢኒ እናት፣ ስብሰባው ሳይጀመር አስተርጓሚውን ሁለት ደቂቃ አናግሪው። "ይህን ቃል ስትሰማ እንዲህ በልልኝ" በዪው። ደስ ይለዋል እንጂ አይቀየምም። አስተርጓሚ መጠየቅ መብትሽ ነው፣ እንግሊዝኛ ብትችዪም አትፈሪ። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ ወረቀት ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አማርኛ አንዱ ነው።


የቢኒ እናት
ረቡዕ ማታ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኢሜይሉን ዛሬ ልኬአለሁ። ለሁለቱም።

አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ። መምህሯ "ቤት ውስጥ አማርኛ ስለምታወሩ ይሆናል፣ እንግሊዝኛ ብቻ አውሩት" ብላኝ ነበር። ስመዘግበው "የቤት ቋንቋ" የሚለው ላይ አማርኛ ብዬ ሞልቻለሁ። አሁን ያን አይተው "የእንግሊዝኛ ችግር ነው" ብለው አይመልሱኝም?


ሰላማዊት (የትምህርት ቤት ሳይኮሎጂስት)
ረቡዕ ማታ

አማርኛውን እንዳታቆሚ። በፍጹም።

ሊሉሽ ይችላሉ፣ ሕጉም ምክንያት ይሰጣቸዋል። ልጁ የቸገረው እንግሊዝኛ ስላልቻለ ብቻ ከሆነ እክል አለበት ማለት አይቻልም። ትክክለኛ ሕግ ነው፤ ስንቱ የሐበሻ ልጅ አማርኛ ስለተናገረ ብቻ ልዩ ትምህርት ውስጥ እንዳይገባ ይጠብቀዋል። ግን በተገላቢጦሽም ይሠራል። "ሁለት ቋንቋ ነው፣ ይጠብቅ" እየተባለ አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ አውቃለሁ።

ስለዚህ ጥያቄው፦ በአማርኛስ እንዴት ነው? ቢኒ ፊደል ተምሮ ያውቃል?


የቢኒ እናት
ረቡዕ ማታ

ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ይማራል። ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ሀ ሁ ሂን በዜማ ሲወጣው ትገረሚያለሽ። ዲያቆኑ መሐል ላይ ጣቱን አሳርፎ "ይህቺ ማናት?" ሲለው ግን ይጠፋዋል። ከ"ሀ" ጀምሮ እየዘመረ ካልመጣ አያገኛትም። እኔ ስንፍና መስሎኝ እቆጣው ነበር።


ጋሽ ፈለቀ
ረቡዕ ማታ

አሃ! ልጄ፣ መሪጌታው አቡጊዳን ያመጡት ለዚህ አይደለም እንዴ! ሀሁን ማንም በዜማ ይሸመድደዋል። አይኑን ጨፍኖ ይልልሻል። "አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ" ሲሉት ግን ቅደም ተከተሉ ይፈርሳል፣ ዜማው አያድነውም። የሚያውቅና የሸመደደ እዚያ ይለያል። እኔም የተገረፍኩት ሀሁ ላይ አይደለም፣ አቡጊዳ ላይ ነው።


ሰላማዊት (የትምህርት ቤት ሳይኮሎጂስት)
ሐሙስ

ጋሼ፣ እርስዎ ሳያውቁት የኔን ሥራ ተናገሩ።

እኛ ከምንሰጣቸው ፈተናዎች አንዱ ልጁ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት እንዲያነብ ነው። በአማርኛ ቢሆን "ጉሚዳ"፣ "ቶፌስ" እንደማለት። በየትም ቋንቋ የሉም። ለምን? ጮሌ ልጅ የሚያውቀውን ቃል በመልኩ ይይዘዋል፣ ከሥዕሉም ይገምታል፤ የሌለን ቃል ግን መገመት አይቻልም። ፊደሉን ከድምፁ ጋር ማገናኘት ይችላል አይችልም የሚለው እዚያ ይወጣል። አቡጊዳ ማለት ነው።

የቢኒ እናት፣ የነገርሽን ነገር ወርቅ ነው። የኛ ፊደል አንድ ምልክት አንድ ድምፅ ነው፣ እንደ እንግሊዝኛ አያታልልም። በእንግሊዝኛም በፊደልም በአንድ ዓይነት መንገድ ከቸገረው "እንግሊዝኛ ስላልቻለ ነው" የሚለው ይዳከማል። ዲያቆኑን አንድ ገጽ አስጽፊው። በአማርኛ ይጻፍ። ስንት ጊዜ እንደተማረ፣ የት ላይ እንደሚጠፋው፣ እኩዮቹ የት እንደደረሱ። ወላጅ የሚያመጣውን መረጃ ማየት አለባቸው። ምዘናውም ልጁ የሚያውቀውን በትክክል በሚያሳይ ቋንቋ መሆን እንዳለበት ሕጉ ላይ አለ። የአማርኛ ሳይኮሎጂስት ማግኘት ከባድ ነው፣ እንደኔ ያለን ብዙ አይደለንም። ቢያንስ ቃለ መጠይቁ በአማርኛ ይሁን በዪ።

ሌላውን ሂደት ላሳጥረው። ጆሮና ዓይን መጀመሪያ ያዩለታል። ከዚያ ሳይኮሎጂስት በብሎክና በሥዕል ማሰቡን ያያል። ሌላ ሰው ንባብ፣ ጽሑፍና ሒሳብ። አንድ ሰው ክፍሉ ድረስ ሄዶ ይቀመጥና ያየዋል፤ ይህ ትምህርት ቤቱ ሲፈቅድ ነው፣ ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ነው የሚያስገቡት። መምህሯ ፎርም ትሞላለች። በአንድ ፈተና ብቻ መወሰን ክልክል ነው።


ዘሪሁን ደብሊው
ሐሙስ ማታ

ይቅርታ፣ ደስታችሁን ልረብሽ ነው። ማንም ያላወራው ከምዘናው በኋላ ያለውን ነው።

የኛ ልጅ ተመዘነ። "ይገባዋል" ተባለ። እኛም ተገላገልን ብለን ጠበቅን። ከዚያ የመጣው አይ ኢ ፒ፣ ማለትም ለልጁ የሚጻፈው ሙሉ የልዩ ትምህርት ዕቅድ፣ አይደለም፤ "ሰርቪስ ፕላን" የሚባል ነው። ሁለት ገጽ። የግል ትምህርት ቤት ልጅ ፐብሊክ (የመንግሥት ትምህርት ቤት) ቢገባ የሚያገኘውን አገልግሎት በግሉ የመጠየቅ መብት የለውም። ዲስትሪክቱ ከፌዴራል ከሚመጣው የልዩ ትምህርት ገንዘብ ለግል ትምህርት ቤት ልጆች የቁጥራቸውን ያህል ድርሻ ይመድባል። ከትምህርት ቤቶቹ ጋር ይመካከርና በዚያች ገንዘብ ምን እንደሚሰጥ፣ ለማን እንደሚሰጥ ራሱ ይወስናል።

የኛ ዲስትሪክት በዚያ ዓመት የወሰነው ስፒች (የንግግር እገዛ) ብቻ ነበር። ልጄ የሚያስፈልገው ንባብ ነው። ንባብ የለም። ስፒች ስለነካካው ግን በሳምንት 30 ደቂቃ ደረሰው። የሚሰጠው ደግሞ ሌላ ሕንፃ ነው። ማክሰኞ በፈረንጅ ሰዓት ከቀኑ 1:15 ላይ ከክፍል አውጥቼ እወስደዋለሁ፣ እመልሰዋለሁ። ኡበር ነው የምሠራው። ያን ሰዓት ቆሜ ለ30 ደቂቃ! ስድስት ወር እንዲህ ሆንን።

በመጨረሻ ወደ ቤታችን ዲስትሪክት ሄድን፣ አይ ኢ ፒ ጻፉለት፣ መስከረም ላይ ፐብሊክ አስገባነው። አሁን በየቀኑ የንባብ መምህር አለው። ዩኒፎርሙን ይናፍቃል። እኔ ክፍያውን አልናፍቅም።


ሰላማዊት (የትምህርት ቤት ሳይኮሎጂስት)
ሐሙስ ማታ

ዘሪሁን ልክ ነህ፣ እኔ ልደርስበት ነበር። ብዙ ወላጅ የሚያዝነው እዚህ ላይ ነው። አልመዝንም ቢሉሽ ወይም ቢያዘገዩሽ ክስ እስከማቅረብ ትሄጂያለሽ። አገልግሎቱ አነሰ ብለሽ ግን በዚያ መንገድ መሄድ አትችዪም፤ ለስቴቱ አቤቱታ መጻፍ ነው ያለው።

ግን ምዘናው በራሱ ዋጋ አለው። ውጤቱን ይዘሽ ትምህርት ቤቱን "ጮክ ብላችሁ አንብቡለት፣ ሰዓት ጨምሩለት" ማለት ትችያለሽ። ቱተርም ብትቀጥሪ ምን እንዲሠራ ታውቂያለሽ። በውጤቱ ካልተስማማሽ በነሱ ወጪ በገለልተኛ ሰው ይመዘንልኝ ማለት አለ፤ ወይ ይከፍላሉ ወይ ምዘናችን ልክ ነው ብለው ራሳቸው ጉዳዩን ወደ ችሎት ይወስዳሉ።


የኤልያስ ቤት
ዓርብ

የቢኒ አባት ነኝ። ባለቤቴ እዚህ እንደጻፈች ያወቅኩት የአክስቴ ልጅ ስክሪንሹት ልኮልኝ ነው። የሚስጥር ኑሮ የለም መቼም።

ሁሉንም አንብቤዋለሁ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ይህ ወረቀት ልጁን ኮሌጅ ድረስ ይከተለዋል ወይ? አንዴ ከፈረምን መመለስ አይቻልም ወይ?


ሰላማዊት (የትምህርት ቤት ሳይኮሎጂስት)
ዓርብ

ወንድሜ፣ እንኳን መጣህ።

ሁለት ፊርማ ነው ያለው። የመጀመሪያው ለምዘና ብቻ ነው። ሁለተኛው ለአገልግሎት። የመጀመሪያውን ፈርመህ ውጤቱን አይተህ ሁለተኛውን "አልፈልግም" ማለት ትችላለህ፤ ማንም አያስገድድህም። የግል ትምህርት ቤት ወላጅ የመጀመሪያውን እምቢ ቢል እንኳ ዲስትሪክቱ ከሶ አይመዝንም። ኮሌጅ ደግሞ ይህን ፋይል አያየውም። ቢኒ አድጎ "ፈተና ላይ ሰዓት ጨምሩልኝ" ለማለት ራሱ ካላቀረበው በቀር።

ስሙን ፈርተኸው ከሆነ፣ ልጆቹ ራሳቸው ለራሳቸው ስም ያወጣሉ። "ደደብ ነኝ" ይላሉ። ስምንት ዓመት ላይ። እኔ ቢሮ የሚገቡት እንዲህ እያሉ ነው።


የኤልያስ ቤት
ዓርብ

ብሏል። እሁድ ዕለት።


የቢኒ እናት
ከአራት ሳምንት በኋላ

ወሬ ላድርሳችሁ። ኢሜይሉን በላክሁ በአምስተኛው ቀን ትምህርት ቤቱ ያለበት ዲስትሪክት መለሰልኝ። ስለ ነዋሪነት ማንም አላነሳም። በኮምፒውተር ስብሰባ ተደረገ።

አንዷ "መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ለስድስት ወር ተጨማሪ የንባብ እገዛ ይስጠው፣ ከዚያ እናያለን" አለች። ሰላማዊት በውስጥ መስመር አስጠንቅቃኝ ነበር። የፌዴራሉ የትምህርት ሚኒስቴር በጥር 2011 በጻፈው ደብዳቤ እገዛው ይቅደም እያሉ ምዘናውን ማዘግየት እንደማይቻል ነግሯቸዋል። ይህን በትሕትና አነሳሁት። ዝም አሉ። ከዚያ የፈቃድ ፎርሙን ላኩ። ኤልያስ ነው የፈረመው። 60 ቀኑን ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ።

የዲያቆኑን ደብዳቤ አስገብቻለሁ። አንድ ገጽ ያልኩት አራት ገጽ ሆኖ መጣ፣ መግቢያው ላይ ጸሎት አለው።


ሲያትሏ
በዚያው ቀን

አራት ገጽ! ጸሎቱንም ይተርጉሙት።


የቢኒ እናት
ከሦስት ወር በኋላ

ትናንት የውጤቱ ስብሰባ ነበር። በ57ኛው ቀን። የመማር እክል፣ በንባብ። የቃላት እውቀቱና ማሰቡ ከእኩዮቹ በላይ ነው። የሌሉት ቃላት ላይ ግን በጣም ወድቋል። አቡጊዳው ላይ ማለት ነው ጋሽ ፈለቀ።

አስተርጓሚዋን ቀድሜ አነጋገርኳት። ወጣት ልጅ ናት። "የማንበብ እክል በዪ" አልኳት። ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ስብሰባው ላይ ስድስቴ ይሆናል ያለችው፣ አንዴም አልሳተችም። ኤልያስ "ታዲያ ጎበዝ ነው ማለት ነው?" ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀ። ሁለት ጊዜ አዎ አሉት።

የሚሰጡት አገልግሎት እንደ ዘሪሁን ነው። ትንሽ ነው። ልዩ መምህር በወር ሁለቴ ከመምህሯ ጋር ትማከራለች፣ ልጁን በቀጥታ አታስተምረውም። ስለዚህ የቤታችንን ካውንቲ አይ ኢ ፒ እንዲያቀርብልን በጽሑፍ ጠይቀናል፣ ሪፖርቱ እንዲላክም ፈቅደናል። ምን እንደሚሉ አይተን ነው የምንወስነው። የሚቀጥለው ዓመት መያዣ እስከ ሰኔ ይከፈላል፣ ኤልያስ እስካሁን አልከፈለም። ዩኒፎርሙም ጠቦታል።


ዳዊት ኤን
በዚያው ቀን

እኔም ለልጄ ጻፍኩ። 19 ገጹን አያይዤ።


ትዕግሥት_04
ከሁለት ቀን በኋላ

ጤና ይስጥልኝ። ክሩን ዛሬ ነው ያገኘሁት። የኔ ልጅ ገና 4 ዓመቷ ነው፣ ዲሲ ውስጥ የግል ዴይኬር ነው የምትውለው። ንግግሯ አልጠራም። ዕድሜዋ አይደርስም ይሉኛል?


ሰላማዊት (የትምህርት ቤት ሳይኮሎጂስት)
በዚያው ቀን

ይደርሳል። ዲሲ ከሆንሽ "ኧርሊ ስቴጅስ" ለሚባለው ጻፊ፤ ከ2 ዓመት ከ8 ወር እስከ 5 ዓመት ከ10 ወር ላሉ ልጆች ነው። ነጻ ነው፣ አስተርጓሚ ጠይቂ። ሌላውን አዲስ ክር ክፈቺለት፣ እዚያ እንነጋገር። ስትከፍቺ ጆሮዋ ታይቶ ያውቅ እንደሆነ ጻፊልኝ።